የጥር ብርድና የተቻኮለ ጠጅ

እስቲ አንድ ነገር እንጠያየቅ። እንጅባራ ላይ በጥር ወር በብርሌ የሚቀርብላችሁ ቢጫ ነገር መቼ ተጥሎ መቼ ደረሰ? ብዙዎቻችን አንጠይቅም። ቢጫ ከሆነ፣ ከጣፈጠ፣ ሞቅ ካደረገ… ጠጅ ነው ብለን እንጨልጣለን።

እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳንግላ ከእሷ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። የጠጅ እርሾ ደግሞ ብርድ ጠላቱ ነው። የሚደላው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲያገኝ ነው። አንድ እጅ ማር በሦስት ወይም በአራት እጅ ውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾው ገብቶበት፣ ሞቃት አገር በሳምንት ገደማ የሚደርሰው ጠጅ ደጋ ላይ ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የሌሊቱ ብርድ የሚበረታው ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ማሩ የሚቆረጠውም አደይ አበባ ካለፈ በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር። ከዚያ ገና፣ ጥምቀት፣ ሰርግ በሰርግ ላይ፣ ጥር 23 ደግሞ የአገው ፈረሰኞች በዓል። አያችሁልኝ? ጠጅ እጅግ የሚፈለገው እርሾው እጅግ በሚለግምበት ወር ነው!

እና ጠጅ ጣይዋ ምን ታድርግ? መቸኮል በራሱ ነውር ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። በወይራ የታጠነውን ጋን ወደ ምድጃው ማስጠጋት፣ በብርድ ልብስ መጠቅለል፣ ውሃውን ለብ አድርጎ መበጥበጥ፣ ካለፈው ጠጅ ጥቂት አስቀርቶ በአዲሱ ላይ መጨመር፣ ይሄ ሁሉ ያፋጥናል፤ ማንንም ግን አያታልልም። እርሾው ሙቀት ጎደለው፣ ሙቀት ሰጡት፣ አለቀ። በርግጥ ልክ አለው፤ 40 ዲግሪ ካለፈ እርሾው ይዳከማል፣ ሲብስም ይሞታል።

(በውጭ አገር የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ ፈሳሽ ቤታቸው የሚቀምሙ ሰዎችም እንዲሁ ናቸው አሉ። ጣዕሙ እስኪዋሃድ ሳምንታት መጠበቅ ሲሰለቻቸው ጠርሙሱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ይነክሩታል፤ ሙቀቱ ሲበዛ ኒኮቲኑ ይጠቁራል። እኛ አገር ዕቃው ራሱ እንዳይሸጥ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለተከለከለ ወደ ጠጃችን እንመለስ።)

የእኔ ጠብ ከሌላኛው ጥድፊያ ጋር ነው። ማሩ በስኳር ይተካል፣ የዳቦ እርሾ ይነሰነስበታል፣ ቢጫውም ከቀለም ብልቃጥ ይመጣል። ስኳርና የዳቦ እርሾ ሞቅ ያለ ክፍል ውስጥ በጥቂት ቀናት አልኮል ያወጣሉ፤ ተአምር የለውም፣ መጠጥነቱንም አልክድም። ግን ለምን ጠጅ ይባላል? ለምንስ በማር ጠጅ ዋጋ ይሸጣል?

ጉዳቱ ከጠጪው ኪስና ሆድ ያልፋል። አንዲት ሴት ማር ገዝታ፣ ገንዘቧን ጋን ውስጥ ቆልፋ 20 ቀን ትጠብቃለች። ጎረቤቷ በዚያው 20 ቀን ስኳሯን ሦስትና አራት ጊዜ ታዞርበታለች። ሁለቱም ብርሌውን በአንድ ዋጋ ከሸጡ የመጀመሪያዋ እስከ መቼ ትችላለች? እሷ ማር መግዛት ባቆመች ቀን ደግሞ ቀፎውን ይዞ የሚቀረው የአዊ ንብ አናቢ ነው። እኛ ከተሜዎቹ ደግሞ ሁለቱን ሳንለይ «ፍጠኚ፣ ጨምሪ!» እያልን ጠረጴዛ እንደበድባለን።

ስኳር ይከልከል አላልኩም። የስኳሩ «የስኳር» ተብሎ በርካሽ ይሸጥ፤ የፈለገ ይጠጣ። እናንተ ሆቴል ያላችሁ ደግሞ በዓሉ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠጅ ጣይዋን አታስጨንቋት። ለጥምቀት የሚሆነው በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ለጥር 23 የሚሆነው ጥር እንደገባ ቢጣል በእንጅባራም ብርድ ይደርሳል። ቀብዱን ግን ማሩ ሳይወደድ፣ በኅዳር ስጧት።