የኔታ ሳያልፉ ቅረጹ!

የቢቸናና የሞጣ ሰው ሆይ፣ ጋፋትኛን አትርሳ። በዓባይ ዳርቻ ይነገር የነበረ ቋንቋ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን መኃልየ መኃልይን ወደ ጋፋትኛ አስተርጉሞ ወሰደ፤ ብራናው ዛሬ ኦክስፎርድ ነው። የቋንቋ ተመራማሪው ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1947 ሲፈልግ የሚናገሩ አራት ሰዎች ብቻ አገኘ። ያለንን ያቆዩልን ባዕዳን ናቸው። ጎረቤቶቹ የት ነበርን?

አሁን ተራው የግእዝ ነው። «ቤተ ክርስቲያን እያለ ግእዝ አይሞትም» የምትሉ አትጠፉም። በብራና ያለው አይሞት ይሆናል። በየዕለቱ አዲስ ነገር የሚባልበት ግእዝ ግን መኖሪያው ቅኔ ቤት ነው። ስመ ጥር ከሆኑት የቅኔ ቤቶች ዋሸራና ጎንጅ የጎጃም ናቸው፤ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ የተማሩበት ዲማ ጊዮርጊስም እዚሁ ከቢቸና አቅራቢያ ነው።

ተማሪው ደበሎውን ደርቦ ጥላ ሥር ቅኔ ይቆጥራል፤ ከዚያ የኔታ ፊት ቆሞ ይነግራል። ቤቱ ካልመታ፣ ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይታረማል፤ ተመልሶ ይቆጥራል። ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት መወድስ እስኪሞላ ስንት ክረምት ይፈራረቅበታል! ያም ሆኖ በማኅሌት አንዴ የተባለ ቅኔ አይደገምም። ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል።

የቤተ ክርስቲያን መሬት በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ ወዲህ ደግሞ የዚህ ትምህርት ቀለብ ይበልጡን የመንደር እጅ ነው። «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲባል በር ከፍታ አኩፋዳው ውስጥ ቁራሽ የምትጥል እናት፣ ስለ ቋንቋ በአዳራሽ ከሚሰበሰበው ሁሉ ይልቅ ግእዝን አቆይታለች። ዛሬ ግን ኑሮው ንሮባታል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ሰላሙም ርቋል። ቅኔ ፍለጋ ከሩቅ አገር በእግሩ የሚመጣ ልጅ መንገዱን በምን ልቡ ይደፍራል?

እጃችሁ ላይ ስልክ አለ። በዚህ ሳምንት ወደ ደብራችሁ የኔታ ሂዱ። አስፈቅዳችሁ ቅኔውን ከነምሥጢሩ ቅረጹ፤ የባለቅኔውን ስም፣ ደብሩንና ቀኑን ጻፉበት፤ አንዱን ቅጂ ለደብሩ ተዉ። አዲስ አበባም ባሕር ማዶም ያላችሁ የጎጃም ልጆች፣ ተዋጡና ለተማሪዎቹ የወር ቀለብ ቁረጡ። ለመስቀል እንሄዳለን፣ ለፋሲካ እንሄዳለን አትበሉ፤ የኔታ ዕድሜያቸው ገፍቷል።