የቀጠርናትን ልጅ እናስመዝግብ

ናይሮቢ ሱቅ ከፍተን የአገራችንን ልጅ ስንቀጥር «ቤተሰብ ናት» እንላለን፤ ጡረታ ላይ ስንደርስ ግን «ነገ ለምትሄድ ልጅ ምን ያደርጋል?» ብለን እንዘለዋለን። እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የኬንያ ማኅበራዊ ዋስትና ሕግ ከሠራተኛዋ 6 ከመቶ፣ ከአሠሪዋም 6 ከመቶ ይጠይቃል። የውጭ ዜጋ መሆኗ ብቻውን ነጻ አያወጣንም። ኬንያን ጠቅልላ ስትለቅም የተጠራቀመላትን መጠየቅ ትችላለች።

እቁብ ዙሩ ሲያልቅ ያልቃል፤ እድር ለሐዘን ነው። ስድስት ዓመት ያገለገለችንን ልጅ በባዶ እጇ ወደ ሞያሌ ሸኝተናል፤ ያቺ 6 ከመቶ ግን አታከስረንም ነበር።

እንግዲህ ስንቀጥር የአባልነት ቁጥር እናውጣላት፤ የከፈልንበትንም ደረሰኝ በየወሩ እናሳያት። ተቀጣሪ እህቶቻችንም ሳታፍሩ ጠይቁን።