እንቅልፍ አጥቶ ማጥናት ጉብዝና ነው ወይ?

ባለፈው እሁድ ክላርክስተን ውስጥ ቡና ላይ ተቀምጠን የአንድ ወጣት ስም ተነሳ። «ጎበዝ ልጅ ነው እኮ! ሌሊት ኤርፖርት ይሠራል፣ ቀን ይማራል፣ በመሀል ኡበር ይነዳል። እንቅልፍ የሚባል ነገር አያውቅም» አሉ አንድ ጋሼ። ሁላችንም በአድናቆት ራሳችንን ነቀነቅን። እኔም ነቅንቄያለሁ። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ ከነከነኝ፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ያ ልጅ እኔ ነበርኩ።

ሀገር ቤት ነርስ ነበርኩ። አትላንታ ስመጣ የሙያ ፈቃዱን ለማግኘት እንደገና መፈተን ነበረብኝ። በሀገራችን አቆጣጠር ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት አንድ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ እሠራለሁ። መኪና ሲጠፋ መጽሐፌን አወጣለሁ። ጠዋት ሁለት ሦስት ሰዓት አሸልብና ደግሞ ወደ ጥናት። አራት ወር እንዲህ ሆንኩ። ፈተናው ላይ ጥያቄውን ሳየው አውቀዋለሁ፤ ገጹ ይታየኛል፣ በቢጫ ያሰመርኩት መስመር ሳይቀር ይታየኛል። መልሱ ግን የለም። ወደቅሁ። «ሰነፍኩ» ብዬ ጥናቱን ጨመርኩ፣ እንቅልፉን ቀነስኩ። ደግሜ ወደቅሁ።

የሚገርመው እኔ የጤና ባለሙያ ነኝ። ለታማሚ ብነግረው የማላፍርበትን ነገር ለራሴ መንገር አልቻልኩም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1924 እ.ኤ.አ. ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጄንኪንስ እና ዳለንባክ የተባሉ ተመራማሪዎች ለሁለት ተማሪዎች ትርጉም የሌላቸው አሥር አሥር ቃላት እያስጠኑ፣ አንዳንዴ ከእንቅልፍ በኋላ፣ አንዳንዴ ነቅተው ከቆዩ በኋላ ጠየቋቸው። ከስምንት ሰዓት እንቅልፍ በኋላ ከግማሽ ያላነሰውን ያስታውሳሉ። ስምንት ሰዓት ነቅተው ሲቆዩ ግን የሚቀራቸው አንድ ቃል ያህል ነው። ዛሬ ምክንያቱ ይበልጥ ይታወቃል። ቀን የተማርነው መጀመሪያ ሂፖካምፐስ በምትባል ትንሽ የአንጎል ክፍል ይያዛል። ከባድ እንቅልፍ ውስጥ ስንገባ አንጎል ያንኑ መልሶ መላልሶ ያጫውተውና ለረጅም ጊዜ ወደሚቀመጥበት ወደ ውጨኛው የአንጎል ክፍል ያሻግረዋል።

እናቶቻችን ሊጥ አቡክተው ሲያስቀምጡ ሊጡ ሥራ ፈቷል የሚል የለም። እኛ ግን ሳይቦካ ምጣድ ላይ እናፈሰውና እንጀራው ዓይን አላወጣም ብለን ጤፉን እንረግማለን።

«እኔ ለምጄዋለሁ» የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት ብዬዋለሁ! በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣ የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ለ14 ቀን በየሌሊቱ ስድስት ሰዓት ብቻ የተኙ ሰዎችን ፈትኖ ነበር። በመጨረሻ የትኩረትና የማስታወስ አቅማቸው እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ያልተኛን ሰው ያህል ወርዶ ተገኘ። ሲጠየቁ ግን ትንሽ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል ከማለት ያለፈ የተሰማቸው ነገር አልነበረም። ሰውነት አልለመደውም፤ መድከማችንን የሚነግረን ራሱ ደክሞ ነው።

የፈተናው ነገር ቢቀር እንኳ መሪው አለ። በ1997 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች 17 ሰዓት የነቃ ሰው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል እንደሚዳከም አሳዩ። 24 ሰዓት ሲሆን ወደ 0.10 ይጠጋል። ጆርጂያ ውስጥ ለአልኮል የተቀመጠው ገደብ 0.08 ነው። ኡበር 12 ሰዓት የነዳን ሾፌር ለስድስት ሰዓት ይዘጋበታል፤ የእኛ ሰው ምን ያደርጋል? ሊፍትን ይከፍታል። እኔ ራሴ 285 ላይ ዓይኔ ተከድኖ የነቃሁት ጎማዬ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ሲንኮሻኮሽ ነው።

ስልኩስ? አዲስ አበባ ከእኛ በበጋው ሰባት፣ በክረምቱ ስምንት ሰዓት ይቀድማል። እዚያ ረፋድ አራት ሰዓት ሲል እዚህ ሌሊት ነው። መርዶ ይሆን እያልን ማንም ስልኩን አያጠፋም፤ ስንከፍተው ደግሞ የአክስት ልጅ «እንዴት አደራችሁ» ብሎ ፎቶ ልኳል። እኔ ለቤተሰቤ ነገርኳቸው፦ የምር ነገር ከሆነ ታላቅ ወንድሜ ይደውል፣ ሌሊት የእሱ ስልክ ብቻ ይጮሃል። መጀመሪያ ቅር አላቸው። አሁን ለምደውታል።

አንድ ወዳጄ «የቆሎ ተማሪ ሌሊት ተነስቶ አይደል እንዴ ዳዊቱን በቃሉ የሚይዘው?» ብሎ ሞገተኝ። እውነት ነው፤ ግን የቆሎ ተማሪ ገና በጊዜ ጋደም ያለ ልጅ ነው። ትናንት የተቀበለውን ተኝቶበት ነው ዛሬ የሚወጣው። መቶ ገጽ በአንድ ሌሊት አይውጥም።

«ሰባት ሰዓት ተኙ» ብሎ መምከር ቀላል ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ይህን ሲሰማ ቢስቅ አልፈርድበትም። እኔም ለሦስተኛው ፈተና በሳምንት ሁለት ሌሊት ሥራ ስቀንስ ከወንድሜ ተበድሬ ነው። መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቅዬ ሳላቋርጥ ስድስት ሰዓት መተኛት ጀመርኩ። ለሊት ፈረቃ የምጠጣውን ቡና ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተውኩ፤ ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ ካፌይን ሰውነት ውስጥ አለና። አለፍኩ። እንቅልፉ ብቻ ነው ያሳለፈኝ አልልም፤ ፈተናውን ስቀመጥ ሦስተኛዬ ነበር።

ታዲያ የብድሩ ነገር ነው ያሳሰበኝ። ወንድም የሌለው ምን ያድርግ? እኛ ግን እቁብ አለን። ፈተና ያለበት ተማሪ ወይም ፈቃድ የሚጠብቅ ባለሙያ ካለ፣ የዚያን ወር ዕጣ ሳይወጣ ለእሱ ብንሰጥ፣ እሱም ለአንድ ወር የሌሊቱን ሥራ ቢተው፣ ማን ይከስራል? ዕጣውን የሚወስደው ያው በራሱ ተራ ፋንታ ነው፤ ከማንም ኪስ አልወጣም።

የእኛ እቁብ የሚሰበሰበው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው። ለሰብሳቢው ደውዬ አጀንዳ አስይዣለሁ። ያንን ልጅም ስልኩን ተቀብዬዋለሁ፤ እስካሁን አላነሳም፣ ሥራ ላይ ይሆናል።