ስለ ሕዝብ ገንዘብና ስለ ተሸሸገ ሒሳብ

ወጣቶች ሆይ! ብዙ ሰዎች «ያልሰረቀ አይጠየቅም» ሲሉ እሰማለሁ። ገንዘቡ በካዝና ውስጥ እስካለ ድረስ፣ ለባለቤቱ ለሕዝብ ባይነገርም ጥፋት የለበትም ማለታቸው ነው። እኔ ይህን አሳብ አጥብቄ እቃወማለሁ። የሕዝብን ገንዘብ ከሕዝብ መሸሸግ፣ አንዲት ሣንቲም ወደ ማንም ኪስ ባትገባም እንኳ፣ በደል ነው። ማስረጃዬንም ካሊፎርኒያ ከሚባለው የአሜሪካ ክፍለ ግዛት አመጣለሁ።

የካሊፎርኒያ መንግሥት በጀት ስለ ጎደለው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2011 ዓ.ም.፣ ከ278 የሕዝብ ፓርኮች 70ውን በሚቀጥለው ዓመት እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዚህም በዓመት 22 ሚሊዮን ዶላር ይድናል ተባለ። ሕዝቡ ይህን በሰማ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ማኅበር ያለው በማኅበሩ፣ የሌለው በግሉ አዋጣ። የደራሲው የጃክ ለንደን መታሰቢያ ፓርክ ሳይዘጋ የቀረው አንድ በጎ አድራጊ ማኅበር ተረክቦ ስላስተዳደረው ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ በ2012 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የተሸሸገው ተገለጠ። የፓርኮቹ መሥሪያ ቤት ለበጀት ሹማምንት ሳያሳውቅ ያኖረው 20 ሚሊዮን ዶላር ያህል በፓርኮቹ ሒሳብ ተገኘ። ዋና ዳይሬክተሯ ሩት ኮልማን ስለ ገንዘቡ እንደማያውቁ ተናግረው ሥራቸውን ለቀቁ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የምርመራ ውጤትም ገንዘቡን የሰረቀ አለመገኘቱን፣ አንዳንድ ሠራተኞች ግን እያወቁ ለዓመታት መሸሸጋቸውን ገለጠ። ምክንያታቸው «ትርፍ እንዳለን ከታወቀ በጀታችን ይቀነሳል» የሚል ፍርሃት ነበር።

ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም። ቆጥቦ ያተረፈ መሥሪያ ቤት በምስጋና ፈንታ ቅነሳ የሚደርስበት ጊዜ አለ፤ ይህም ክፉ ልማድ ነው። ነገር ግን ክፉ ልማድ በግልጽ ክርክር ይታረማል እንጂ በሐሰት መዝገብ አይታረምም። 22 ሚሊዮን ለማዳን በር ሊዘጋ ሲል 20 ሚሊዮን በጓዳ ተቀምጦ ነበር። እኔ ዕድሜዬን በአስተማሪነት የፈጸምሁ ሰው ነኝ፤ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ብጽፋቸው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ እንኳ ይፈርድ ነበር። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ማየት የተከለከለው ግን ከፋዩ ሕዝብ ነው።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የፓርኮቹ ችግር እውነተኛ መሆኑ ነው። የተጓደለውን ለማደስ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስፈልግ ነበር። ሐሰቱ ይህንን እውነት አረከሰው። ከጉሮሮው ነጥቆ ያዋጣ ሰው፣ ዳግመኛ «ጎደለን» ሲሉት እንዴት ይመን? የጠፋ ገንዘብ በሥራ ይተካል፤ የጠፋ እምነት ግን በየትኛው በጀት ይተካል?

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ነገ የእድር፣ የማኅበር ወይም የመሥሪያ ቤት ገንዘብ ያዥ ትሆናላችሁ። ያን ጊዜ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንትስ ቀረ የሚሉትን ሦስቱን ጥያቄዎች ሳትጠየቁ መልሱ፤ መዝገቡንም በጉባኤ ፊት አንብቡ። ገንዘብ አዋጪ ስትሆኑም እነዚህኑ ለመጠየቅ አትፈሩ። መጠየቅ ስድብ አይደለም፤ በጥያቄ የሚቆጣ ገንዘብ ያዥ ካለ ግን ቁልፉን ለሌላ ያስረክብ።