ባሊ ውስጥ የተሸጠው ጭፈራው አይደለም፤ ውሃው ነው

ስለ ኢንዶኔዥያዋ ባሊ ደሴት የሚሰማው ሮሮ ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ቱሪስት በዛ፣ ባህል ረከሰ፣ የቤተ መቅደስ ጭፈራ የሆቴል ማድመቂያ ሆነ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ 6.3 ሚሊዮን ገደማ የውጭ ጎብኚ ገብቷል፤ ነዋሪው ደግሞ 4.4 ሚሊዮን ያህል ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቅዱስ ስፍራ ላይ በዋና ልብስ ፎቶ የሚነሳ አይጠፋም። ያናድዳል፤ ዋናው ጉዳት ግን ይህ አይደለም።

ጭፈራውማ ከባዕድ ዓይን ጋር ከተላመደ ቆየ። ወንዶች ክብ ሠርተው "ቻክ ቻክ" እያሉ የሚያሳዩት ኬቻክ፣ ቱሪስቱ ጥንታዊ ሥርዓት ነው ብሎ የሚደነቅበት፣ የዛሬ መልኩን የያዘው በ1930ዎቹ ነው። የጀርመናዊው ሠዓሊ የዋልተር ሽፒስ እጅም አለበት። የባሊ ሰው ለእንግዳ የሚያሳየውንና ለአምላኩ የሚያቀርበውን ለይቶ ያውቃል። ኒዬፒ በተባለው የዝምታ ቀን አውሮፕላን ማረፊያው ለ24 ሰዓት ይዘጋል፤ ቱሪስቱም ከሆቴሉ አይወጣም። እንጀራውን ለአንድ ቀን ሙሉ የሚዘጋን ሕዝብ ባህሉን ተነጠቀ ማለት ይከብዳል።

ጉዳቱ ያለው ካሜራ የማይፈልገው ቦታ፣ የመስኖ ቦዩ ውስጥ ነው።

የባሊ ሩዝ ገበሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ውሃ የሚካፈሉት ሱባክ በሚባል ማኅበር ነው። በኢትዮጵያ መስኖ ባለባቸው አካባቢዎች የውሃ አባት እንደሚመረጠው ሱባክም የራሱ መሪ አለው። ማኅበራቱን እርስ በርስ የሚያስማማው ግን የውሃ ቤተ መቅደሱ ነው። ማን መቼ እንደሚዘራ፣ ማን ማሳውን እንደሚያሳርፍ እዚያ ይወሰናል። ነገሩ ጸሎት ብቻ አይደለም፤ አጎራባች ማሳዎች አብረው ሲያርፉ ተባዩ የሚበላው ያጣል። በ1970ዎቹ መንግሥት በ"አረንጓዴ አብዮት" ስም ያለ ዕረፍት ይዘራ ሲል ተባይ ማሳውን ወረረው፣ የውሃ ተራውም ተዘበራረቀ። በኋላ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ስቲቨን ላንሲንግ በኮምፒውተር ሞዴል ሲፈትሹት፣ የቤተ መቅደሱ አሠራር ብልጫ እንዳለው ታየ። ዩኔስኮም በ2012 ሱባክን በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

ይህን ሁሉ ለማናጋት ታዲያ አንድ ቪላ ይበቃል። ከላይ ያለው ገበሬ መሬቱን ለግንባታ ሲያከራይ ቦዩ ይቆረጣል ወይ ይጠብባል፤ ከታች ያለው ውሃ ያጣል። አካባቢው ቪላ በቪላ ሲሆን የመሬቱ ዋጋ ይንራል፣ ግብሩም ይከተላል። ሦስተኛው ገበሬ ሳይወድ ይሸጣል። "የሩዝ ማሳ ዕይታ ያለው" ተብሎ የሚከራየው ክፍል የቆመው ያንኑ ማሳ በልቶ ነው። ማኅበሩ ሲፈርስ ቤተ መቅደሱ ፎቶ የሚነሱበት ሕንፃ ሆኖ ይቀራል፤ የሚሰበሰቡበት ጉዳይ የለማ!

ቱሪስት ይቅር ማለት ደግሞ ሌላው የሚበላውን አለማሰብ ነው። በ2020 ወረርሽኙ በሩን ሲዘጋው የደሴቲቱ ኢኮኖሚ ከ9 በመቶ በላይ ወደቀ። የሆቴል አስተናጋጁ ወደ አባቱ ማሳ፣ የሌምቦንጋን ደሴት ሰው ወደ ባሕር አረም እርሻው ተመለሰ። እነዚህ መመለሻ ነበራቸው። ማሳውን የሸጠውስ ወዴት ይመለስ?

ከ2024 ጀምሮ እያንዳንዱ የውጭ ጎብኚ 150 ሺህ ሩፒያ፣ 10 ዶላር ገደማ፣ ለባህልና ለአካባቢ ጥበቃ ይከፍላል። ገንዘቡ ጽዳትና ፖስተር ላይ ካለቀ ከንቱ ነው። መሬቱን ላልሸጠ ገበሬ፣ ቦይ ለሚጠርግ ሱባክ መድረስ አለበት። በመስከረም 2025 ጎርፍ ከደርዘን በላይ ሰው ከገደለ በኋላ የደሴቲቱ ገዥ ዋያን ኮስተር በእርሻ መሬት ላይ አዲስ ሆቴልና ምግብ ቤት እንደማይፈቀድ ተናገሩ። ቃሉ ጥሩ ነው። ብዙዎቹ ትልልቅ ሆቴሎች ያሉበት የባዱንግ አስተዳደር ግን የገቢውን ትልቁን ድርሻ የሚያገኘው ከእነዚሁ ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ግብር ነው።