ነጠላው ደምቆ ፊቱ ለምን ይጨልማል?

ፎቶ አንሺ የሚቀጠረው ብዙውን ጊዜ ለሠርጉ ዕለት ነው። ሽምግልናው፣ ጥሎሹ፣ ቅልቅሉ፣ ሙሽሪት ከቤት ሳትወጣ ጠዋት የሚሆነው ሁሉ የሚቀረው በእህት፣ በአጎት ልጅና በጎረቤት ስልክ ላይ ነው። ዓመታት አልፈው ቤተሰቡ የሚፈልገው ደግሞ አዳራሹን ሳይሆን አያትን ነው። ያኔ ፎቷቸው ተፈልጎ ሲገኝ ነጠላቸው ቦግ ብሏል፤ ፊታቸው ግን አይለይም።

ይህ የሚሆነው በካሜራው ስሌት ነው። ካሜራ ከፊቱ ያለውን ሁሉ አማካይ ብርሃን ሊሰጠው ይሞክራል። ሐበሻ ቀሚስ፣ ጋቢና ቬሎ ሲደረደሩለት ብርሃኑ የበዛ መስሎት ይቀንሳል፤ ጠይሙ ፊት አብሮ ይጠቁራል። ስለዚህ ከማንሳትዎ በፊት ስክሪኑ ላይ ፊቱን በጣትዎ ይንኩት። አሁንም ከጨለመ አጠገቡ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ትንሽ ይግፏት። ትንሽ ማለቴ በምክንያት ነው፤ የቀሚሱ ጥልፍ በብርሃን ብዛት ከጠፋ በኤዲት አይመለስም፣ የጨለመ ፊት ግን በመጠኑ ይመለሳል።

ቦታ መምረጥ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት የሠርግ ሳምንታት አዲስ አበባ ላይ እኩለ ቀን ሲሆን ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ሰዎቹን ወደ በረንዳ ወይም ወደ ግድግዳ ጥላ ያምጧቸው፤ ካልሆነ 10 ሰዓት እስኪያልፍ ይጠብቁ። ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ድንኳን ሥር የተነሳ ሰው ቀለሙ ፊቱ ላይ ያርፍበታል፤ እዚያ ከሆኑ ወደ ድንኳኑ ጠርዝ አውጥተው ፊታቸውን ወደ ውጭ ያዙሩላቸው። ቤት ውስጥ ከሆነ አምፖሉን አጥፍተው ወደ መስኮቱ እንዲመለከቱ ያድርጉ። ለመስኮቱ ጀርባውን የሰጠ ሰው ጥላ ብቻ ሆኖ ይወጣል።

ጉልበት መሳም ላይ ሁሉም ስልኩን ከሙሽሪት ፊት ለፊት ሊደቅን ይሻማል። እሷ ግን አጎንብሳለች፤ የሚታየው ፀጉሯ ነው። ፊቱ የሚናገረው እናትየው ነው። ከሙሽሪት ጀርባ ትንሽ ወደ ጎን ፈንጠር ብለው፣ በርከክ ይበሉና ካሜራዎን ከተቀመጡት ወላጆች ዓይን ጋር ያስተካክሉ፤ ከዚያ ደጋግመው ያንሱ። የተቀጠረው ቪዲዮ አንሺ ፊት እንዳይቆሙ ብቻ!

የቢራ ሳጥን፣ ባዶ ሃይላንድና የተደራረበ ወንበር ከጀርባ ካለ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን መሄድ በቂ ነው። ለቡድን ፎቶ ሰፊውን ሌንስ ሲጠቀሙ ዳር ያሉት ሰዎች ስለሚለጠጡ ሽማግሌዎቹን መሃል ያስቀምጡ።

ለኤዲት ስናፕሲድ የተባለው ነፃ መተግበሪያ ይበቃል። መጀመሪያ የተጣመመውን ያቅኑ፣ ቀጥሎ ቢጫነቱን ወይም ሰማያዊነቱን በዋይት ባላንስ ያስተካክሉ፣ ከዚያ ሴሌክቲቭ በሚለው ፊቱን ብቻ ነክተው ያብሩት። በአዳራሽ ሐምራዊ መብራት የተነሳውን ግን ብዙ አይታገሉት፤ ጥቁርና ነጭ ማድረጉ ይሻለዋል።

ቆዳ የሚያለሰልሰውንና የሚያነጣውን የቢውቲ ፊልተር ግን ከማንሳትዎ በፊት ያጥፉት። ብዙዎች እንደ ማሳመር ያዩታል፤ እኔ አልስማማም። ሙሽሪት ከገዛ እህቷ አጠገብ ቆማ ዘመድ የማትመስል ሆና ትወጣለች፤ የአያት አንገት ላይ ያለው ንቅሳትም እንደ እድፍ ተጠርጎ ይጠፋል። የልጅ ልጆቻቸው አንድ ቀን ሊያዩት የሚፈልጉት ግን ያንኑ ንቅሳት ነው።

ፎቶዎቹን በቴሌግራም ስትለዋወጡ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ አለበለዚያ ጥራቱ ቀንሶ ይደርሳል፣ ለአልበም ሲታተምም ይደበዝዛል። ስልክ ይሞላል፣ ይሰረቃል፣ ይሰበራል፤ ስለዚህ ከመልሱ ማግስት ጀምሮ በየዘመዱ ስልክ ያለውን እየዞረ የሚለቅም አንድ ታናሽ ወንድም ከወዲሁ ይመደብ።