ደሙ ከተቀዳ በኋላ ማን ይነካዋል?

አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኩላሊቷም ክትትል ይፈልጋል። የምትኖረው ዘጌ ነው። አምና ክረምት ጠዋት በጀልባ መጣችና ባሕር ዳር ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ የጤና ተቋም ወሰድኳት። ሁለት ሰዓት ላይ ደም ሰጠች። ትንሽ ቆይቶ መብራት ሄደ። «ከሰዓት ተመለሱ» ተባልን።

አስር ሰዓት ላይ ውጤቱ ሲመጣ ፖታሲየሟ 6.2 ነበር። ያየን ሐኪም ፊቱ ተለወጠ። ይህ ቁጥር ልብን ሊያቆም ይችላል፣ አሁኑኑ ወደ ሆስፒታል አስገቧት አለን። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ለአጎቶቼ ስደውል አንዱ «ስለ ኩላሊት እጥበት ይጠይቁን ይሆናል፣ ያለውን ቡና እንሽጠው» ማለት ጀምሮ ነበር። አክስቴ ምንም አልተናገረችም፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሐይቁን ታያለች።

ሆስፒታሉ ደሟን በድጋሚ ቀዳ። ፖታሲየሟ 4.5 ሆነ። ጤነኛ ቁጥር ነው። ማታ ተረኛ የነበረው የላቦራቶሪ ባለሙያ የመጀመሪያው ደም የት እንደቆየ ጠየቀኝ። ጠዋት መብራት ሲሄድ «እንዳይበላሽ» ብለው የክትባት ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ በረዶ ላይ ሲያስቀምጡት አይቼ ነበር፤ ነገርኩት። «ስፒን ሳይደረግ?» አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከዚያ ወዲህ የገባኝን ያህል ነው።

ጠላ ሲቀመጥ አተላው ወደ ታች ይወርዳል፣ ጠላው ከላይ ይጠራል። ደምም በቲዩብ ውስጥ ቢተው ቀስ ብሎ ይዘቅጣል፤ ላቦራቶሪ ግን ያን ያህል መጠበቅ አይችልም። ሴንትሪፊውጅ የሚባለው ማሽን ቲዩቡን በደቂቃ በሺሕ በሚቆጠር ዙር ያሽከረክረውና በአስር ደቂቃ ገደማ የደሙን ሴሎች ታች፣ ቢጫውን ፈሳሽ ላይ ያደርገዋል። አብዛኛው የኩላሊት፣ የጉበትና የሆርሞን ምርመራ የሚሠራው በዚያ ቢጫ ፈሳሽ ነው።

ችግሩ እስኪነጠሉ ድረስ ሴሎቹ በሕይወት መሆናቸው ነው። ስኳሩን መብላት አያቆሙም፤ ሳይነጠል በቆየ ደም ውስጥ የስኳር መጠን በየሰዓቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ይቀንሳል። ስለዚህ ስኳር ያለበት ሰው «ደህና ነህ» ተብሎ ወደ ቤቱ ሊሸኝ ይችላል። ፖታሲየም ደግሞ በቀይ የደም ሴል ውስጥ ያለው ውጭ ካለው ከሃያ እጥፍ በላይ ነው። ውስጥ የሚይዘው ጉልበት የሚፈልግ ፓምፕ ነው፤ ቅዝቃዜ ያንን ፓምፕ ያዳክመዋል። ያልተነጠለ ደም በረዶ ላይ ሲቆይ ፖታሲየሙ እያፈተለከ ይወጣል። የአክስቴን ደም በረዶ ላይ ያስቀመጠው ሰው በቅን ልቦና ነው ያደረገው፤ ሥጋ ፍሪጅ እንደምናስገባው ማለት ነው። ለዚህ ሥራ ግን ቅን ልቦና አይበቃም።

ውጤት ሲሳሳት ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው ወደ ማሽኑ ነው። «ማሽናቸው አሮጌ ነው» እንላለን። እ.ኤ.አ. በ1997 ማሪዮ ፕሌባኒ እና ፓኦሎ ካራሮ የተባሉ ጣሊያናውያን በፓዶቫ ሆስፒታል ድንገተኛ ላቦራቶሪ ከ40 ሺሕ በላይ ምርመራዎችን ተከታትለው 189 ስህተቶች አገኙ። 68 በመቶው የተፈጠረው ናሙናው ምርመራ ላይ ከመዋሉ በፊት ነው፦ በአቀዳድ፣ በስም አጻጻፍ፣ በአያያዝ። በምርመራው ሂደት ላይ የተፈጠረው 13 በመቶ ገደማ ነበር። ይህ እንግዲህ መብራት በማይጠፋበት ሀገር ነው።

ታዲያ እኛ ዘንድ ያንን መካከለኛ ሥራ የሚሠራው ማነው? እኔ በገባሁባቸው ላቦራቶሪዎች መልሱ «የተገኘው ሰው» ነው። ጠዋት ተማሪ ተለማማጅ፣ ከሰዓት ማሽኑ ላይ የተቀመጠችው ባለሙያ ራሷ፣ ማታ ተረኛው ብቻውን። ናሙና ይቀበላል፣ ስም ያመሳክራል፣ ያሽከረክራል፣ ይነጥላል፣ ስልክ ያነሳል፣ በመስኮት ከሚጮህ አስታማሚ ጋር ይከራከራል።

ከጯሂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። «አምስት ደቂቃ ለማይፈጅ ነገር!» ብያለሁ። ለሴረም የተቀዳ ደም ለመርጋት ግማሽ ሰዓት ያህል መቆም እንዳለበት፣ ሳይረጋ ቢሽከረከር ፈሳሹ ውስጥ ክር የሚመስል ነገር ቀርቶ ማሽኑን እንደሚያሳስት አላወቅኩም። ጄል ያለበትን ቲዩብ «በደንብ አልወጣም» ብሎ ሁለተኛ ማሽከርከርም ፖታሲየሙን ያሳስታል። ማሽኑ ውስጥ ከእያንዳንዱ ቲዩብ ትይዩ እኩል የሚመዝን ሌላ ቲዩብ ካልተቀመጠ ይንቀጠቀጣል፤ ቲዩብ ከተሰበረ ክዳኑን ወዲያው የከፈተ ሰው የማይታይ ብናኝ ይተነፍሳል። ናሙናው የቲቢ አክታ ከሆነ ነገሩ ቀልድ አይደለም።

ስም ማመሳከሩን ደግሞ እንደ ቀላል አትዩት። የእኛ ስም የራስና የአባት ነው፤ በአንድ ቀን ሁለት «ሙሉ አለሙ» ሊመጡ ይችላሉ። ካርድ ላይ በአማርኛ የተጻፈው ኮምፒውተር ውስጥ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲገባ በሦስት ዓይነት ይጻፋል። አንዷ እናት የቤት ስሟን፣ ሌላ ቀን የክርስትና ስሟን ትናገራለች። የካርድ ቁጥሩን ቲዩቡ ላይ በሽተኛው ፊት የሚጽፍ ሰው ነው ይህን ሁሉ የሚያድነው።

ቨርጂኒያ የሚኖር የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ለዓመታት የሠራው ይህንኑ ሥራ ብቻ ነው። ሌሊት ገብቶ፣ ከየክሊኒኩ በመኪና የመጣ ናሙና ተቀብሎ፣ ስም አመሳክሮ፣ አሽከርክሮ፣ ነጥሎ ለማሽን ያስረክባል። እዚያ ራሱን የቻለ የሥራ መደብ ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀ ሰው ሥልጠና ወስዶ ይቀጠርበታል። ደመወዙ ትልቅ አይደለም፣ ወገብም ይሰብራል ይላል። ግን ናሙና በስህተት ቢያልፍ የሚጠየቀው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ የማይሆን ናሙና ሲመጣም «አልቀበልም» የማለት ሥልጣን አለው። እኔን ያስቀናኝ ይኸኛው ነው። እኛ ዘንድ ተለማማጁ የሐኪሙን ናሙና «ይህ ተሰባብሯል፣ ይደገም» ቢል ምን እንደሚደርስበት ታውቁታላችሁ።

በጣና ዳርቻ ይህ ጉዳይ ከደምም ያልፋል። ቢልሃርዝያ በሐይቁ ዙሪያ የቆየ ችግር ነው፤ ዘጌ ላይ በተማሪዎች ላይ ተጠንቷል። በጤና ጣቢያ ሰገራ በተለምዶ በቀጥታ መስታወት ላይ ተቀብቶ ይታያል፤ እንቁላሉ ጥቂት ከሆነ ያመልጣል። በፎርማሊንና በኤተር አጥቦ፣ አሽከርክሮ ዝቃጩን ማየት የተሻለ ያገኛል። ተጨማሪ ጊዜ፣ የሚሠራ ሴንትሪፊውጅና ያንን የሚሠራ ሰው ይፈልጋል። «ነጻ ነው» የተባለ ልጅ ተመልሶ የሚገባው እዚያው ውኃ ውስጥ ነው።

ማሽን ይገዛ የሚለው ቀላሉ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 ማኑ ፕራካሽ የሚመሩት የስታንፎርድ ቡድን ልጅ ሆነን ቆርኪ ቀጥቅጠን በክር እንደምናሽከረክረው ያለ፣ ከወረቀት የተሠራና 20 የአሜሪካ ሳንቲም የሚያወጣ ሴንትሪፊውጅ አሳይቷል። በደቂቃ 125 ሺሕ ዙር ይደርሳል። ደስ ይላል፤ ግን የሚይዘው ጠብታ ደም ነው፣ የሆስፒታልን የጠዋት ወረፋ አይሸፍንም። ለሕፃናት የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ላይ የደረቀ ጠብታ መላክ መቻሉ ከዚህ የበለጠ ጠቅሞናል፤ መሽከርከር አያስፈልገውምና። የኢትዮጵያ ፖስታም የቲቢና የኤችአይቪ ናሙናዎችን ከጤና ተቋማት ወደ ማጣቀሻ ላቦራቶሪዎች ሲያመላልስ ቆይቷል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ግን በክልላችን መንገድ መቼ እንደሚዘጋ የሚያውቅ የለም። ጠዋት የተነሳ ናሙና ማታ ላይደርስ ይችላል። ስለዚህ ናሙናውን እዚያው በተቀዳበት የሚነጥል ሰው ከመቼውም በላይ ያስፈልገናል።

እኔ የምጠይቀው ይህ ነው። በየሆስፒታሉና በየትልልቁ ጤና ጣቢያ ናሙና መቀበልና ማዘጋጀት የተለየ መደብ ይሁን፤ ስም፣ ሥልጠና፣ ደመወዝና ናሙና የመመለስ ሥልጣን ይኑረው። ለሴንትሪፊውጇና ለናሙና ፍሪጁ ከመብራት መቆራረጥ የሚያሻግር ባትሪ ይቅደም፤ የኃላፊው ቢሮ ፕሪንተር ይቆይ። ናሙናው የተቀዳበትና የተነጠለበት ሰዓት ውጤቱ ላይ ይጻፍ። ሐኪሙ «8 ሰዓት» የሚለውን ቢያይ ኖሮ አክስቴን ወደ ድንገተኛ ክፍል ከመላኩ በፊት ደም ያስደግም ነበር።

«ገንዘብ የለም» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ደመወዛችን ወር አያደርሰንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ ምን እንደተባሉ፣ ስንቶቹም እንደታሰሩ አይተናል። ላለው ባለሙያ ያልተከፈለ ገንዘብ ለአዲስ መደብ ከየት ይመጣል የሚለው ጥያቄ ትክክል ነው። ግን የዚያን ቀን እኛ ለባጃጅ፣ ለድንገተኛ ክፍል ካርድ፣ ለተደገመ ምርመራና ለአንድ ሌሊት አልጋ ከፍለናል። ገንዘቡ ወጥቷል፤ ከእኛ ኪስ ስለወጣ ማንም አልመዘገበውም።

አክስቴ ባለፈው ወር ለክትትል መጥታ ነበር። ደም የቀዳት ልጅ ቲዩቡን መደርደሪያው ላይ ሲያስቀምጥ ጠብቃ «ልጄ፣ መቼ ነው የምታዞረው?» አለችው። ደነገጠ። «ግማሽ ሰዓት ይርጋ እንጂ እማማ» አላት። መስኮቱ ስር ተቀመጠችና ሰዓቱን እንድነግራት አዘዘችኝ።